ሹራቡን በወገቡ አስሮ

«ፊቱንስ? ፊቱን አየሽው?» አለ ወንድወሰን ዴስኩ ላይ በጉልበቱ ወጥቶ።

ሶሲ ቶሎ አልመለሰችም። ከመመለስ በፊት ትንሽ ዝም ማለት ታሪኩን እንደሚያጣፍጠው ደርሳበታለች።

«ፊቱን አላየሁም» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ጀርባውን ሰጥቶኝ ነው የቆመው። ከወንዙ ማዶ፣ ዋንዛው ሥር። ሹራቡን በወገቡ አስሮ።»

«እጅጌውን ወደ ፊት ቋጥሮ?»

«እጅጌውን ወደ ፊት ቋጥሮ።»

የስምንተኛ ቢ ተማሪ በሙሉ ትንፋሹን ዋጠ። የዩኒፎርም ሹራቡን ትምህርት ቤት ለብሶ የማያውቅ፣ ቢበርድም ቢዘንብም እንደ መቀነት ወገቡ ላይ ጠምጥሞት የሚውል ልጅ በሰኮሩ ከተማ አንድ ብቻ ነበር፤ ፋሂም። ፋሂምን ደግሞ ነሐሴ ላይ ጎርፍ ወስዶታል።

«አቦ አትፎግሪን!» አለች አንዷ ከኋላ። «እስኪ ማይ!»

«ማርያምን!» አለች ሶሲ። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ምላሷ ላይ እንደ ኮሶ መረራት። ግን ወጥቷል።

«እንግዲህ ለምዶሻል፤ ነገ ቤትሽ ድረስ መጥቶ ሻይ ስጪኝ ይልሻል!» ብሎ ወንድወሰን ሲያሾፍ ክፍሉ በሳቅ ሊፈነዳ ነበር። አልፈነዳም። የሳቀው ሳቁን፣ ያወራው ወሬውን ውጦ ወደ በሩ ዞረ። አፊፋ ቆማለች፤ የፋሂም ታናሽ እህት። የቀሚሷ ጠርዝ ጭቃ ጠጥቷል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍለ ጊዜዎች አልፈዋታል። ማንንም ሳታይ መጥታ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። ቦታዋ ከሶሲ ጎን ነው፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ከሶሲ ጎን ነው።

አስተማሪው ገብቶ ሰሌዳው ላይ መጻፍ ሲጀምር አፊፋ ጠጋ አለች።

«ሶሲ» አለች በሹክሹክታ። «ዱጋ ኬቲ? እውነትሽን ነው?»

የልብ ነገር ሲሆን በኦሮምኛ ነው የሚጠያየቁት፤ ልማዳቸው ነው። በኦሮምኛ ተዋሽተው አያውቁም። ሶሲ አፏ እምቢ ሲላት ራሷን ብቻ ወደ ላይና ወደ ታች ነቀነቀች።

«ወላሂ፣ እኔ አላመንኩም ነበር» አለች አፊፋ። «ጋሼ ገመቹ ሲያወራ ጊዜ ምርቃናው ነው አልኩ። ሌሎቹም ሲሉ ወሬ ነው አልኩ። አንቺ ስትይው ግን… አንቺ ለምን ትዋሺኛለሽ?»

ሶሲ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን መገልበጥ ጀመረች። ምን እንደገለበጠች ግን አታውቅም።

ነገሩ የጀመረው በሶሲ አይደለም። ይሄ እውነት ነው፤ ሕሊናዋ ሲያስቸግራት የምትሸሸግበትም እዚሁ እውነት ውስጥ ነው።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ሰማይ ተቀዶ አልሰፋ ብሎ ሰነበተ። አንድ ከሰዓት በኋላ ከኮረብታው በኩል እንደ ከባድ መኪና የሚያጓራ ድምፅ መጣ፤ በበጋ ሕፃናት የሚንቦጫረቁበት ያ ትንሽ ወንዝ ነው። የእንጨት ድልድዩን ነቅሎ ወሰደ፤ በግና ጥጃ ወሰደ፤ ለላማቸው ሣር ሊያጭድ ወደ ቡናቸው የተሻገረውን ፋሂምን ወሰደ። የከተማው ሰው እስላም ክርስቲያን ሳይል ወንዙን ተከትሎ እስከ ታች ድረስ ፈለገ። ማጭዱ የግራር ሥር ላይ ተሰክቶ ተገኘ። እሱ አልተገኘም።

ከዚያ በኋላ ማየት ተጀመረ። መጀመሪያ የሚኒባስ ሹፌሩ ገመቹ ነው። ከጅማ ሲመለስ፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ ራሱ የረጠበ ልጅ አስፋልት መሐል ቆሞ አየ፤ ፍሬን ያዘ፤ ወርዶ ቢፈልግ ማንም የለም። ቀጥሎ ልብስ አጣቢዎቹ ከቡናው ውስጥ ፉጨት ሰሙ። «ኤኬራ ነው፤ የሙት መንፈስ» አሉ አንዳንዶቹ። «ጅን ነው፤ የሰው መልክ ይይዛል» አሉ ሌሎቹ። «አፈር ያልቀመሰ ሰው መች ያርፍና» ያሉም ነበሩ። ቄሱም ሼኩም በየፊናቸው ተዉ ይሄን ነገር ቢሉ የሚሰማ ጠፋ። የከተማው ዓይን ሁሉ ማታ ማታ ወንዝ ወንዝ ያይ ጀመር።

የሶሲ ነገር ግን ሌላ ነው። የሶሲ ነገር የፔርሙዝ ነገር ነው።

እናቷ ወይንሸት ከጎርፉ ጀምሮ በየጊዜው ቀረፋና ቅርንፉድ ያለው ሻይ አፍልታ ወደ ፋሂም ቤት ትልካለች። የክርስቲያን እርድ ለእስላም፣ የእስላም እርድ ለክርስቲያን አይሆንም። «ሻይ ግን ሃይማኖት የለውም» ትላለች ወይንሸት። ብዙውን ጊዜ ራሷ ታደርሳለች። በመስከረም መጨረሻ አንድ ቀን ግን እንግዳ መጣባትና ለሠርጓ የተሰጣትን አበባ ያለበትን ቀይ ፔርሙዝ ለሶሲ ሰጠቻት። «ጠበቅ አድርገሽ ያዢው፤ ድንጋዩ ያዳልጣል» አለቻት።

ሶሲ እስከ በሩ ሄደች። መንገዱን ሙሉ «አላህ ያጽናችሁ፣ አላህ ያጽናችሁ» እያለች ስታጠና ነበር። አጥሩ ጋ ስትደርስ ከውስጥ የፋሂምን እናት የዙቤይዳን ለቅሶ ሰማች፤ ጩኸት አይደለም፤ ሰው ዕቃ እያጠበ በለሆሳስ የሚያንጎራጉረው ዓይነት ነው። ያጠናችው ሁሉ ከራሷ ላይ በነነ። ለእንዲህ ያለ ለቅሶ ምን ይባላል? ዞራ ተመለሰች። ወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ጊዜው ይሂድና «አድርሻለሁ» ልበል ስትል ከጎኗ ያስቀመጠችው ፔርሙዝ ተንሸራተተ። ስታነሣው ውስጡ እንደ ጸናጽል ተንሿሿ።

ቤት ስትገባ እናቷ ፔርሙዙን ነጥቃ ወዘወዘችው። «አንቺ የሰው መጫወቻ! ምን ስታደርጊ ነው?» ብላ እጇን አነሣች። ያኔ ነው ሶሲ፣ ከተማው ሁሉ ሲያወራው የሰነበተውን ነገር ካፏ ያወጣችው።

«ፋሂምን አየሁት፤ ደንግጬ ነው!»

የተነሣው እጅ ወርዶ አቀፋት። «በስመ አብ! በስመ አብ በይ ልጄ!» ፊቷን በጠበል አበሰችላት። ምን ለብሶ ነበር ስትላት የምታውቀውን አንድ ነገር ተናገረች፤ ሹራቡን። በማግስቱ ወይንሸት ገበያ ወጣች፤ ከወይንሸት ጋር ወሬውም ወጣ። ከዚያ በፊት የታየው ሁሉ ጥላ ነበር፤ የማንም ሊሆን የሚችል ጥላ። ሹራብ በወገቡ ያሰረው ግን ፋሂም ብቻ ነው።

ሰኮሩ ይህን ወሬ እንደ ሙት መንፈስ ወሬ ሰማው። አንድ ሰው ብቻ እንደዚያ አልሰማውም።

የፋሂም አባት ሙሐመድሳኒ መንገድ ዳር በረንዳ ላይ በሲንጀር ልብስ የሚሰፋ ዝምተኛ ሰው ነው። ከሽማግሌዎች ጋር ተመካክሮ፣ አስከሬኑ ላልተገኘ ሰው የሚሰገደው ሶላተል ጋኢብ በዚያው ሳምንት ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እንዲሰገድለት ተስማምቶ ነበር። ዓርብ ሳይደርስ የሶሲ ወሬ ዙቤይዳ ጆሮ ደረሰ።

«ጅን ሹራብ አያስርም» አለች ዙቤይዳ። «ልጄ አለ። ድንጋይ ራሱን መቶት ቤቱ ጠፍቶበት ነው። በሕይወት ላለ ሰው እንዴት ይሰገዳል? አይሰገድም።»

አልተሰገደም። ከዚያ ወዲህ ዙቤይዳ ቀን ቀን ምግብ በምሳ ዕቃ ይዛ፣ ድልድዩ በነበረበት የወደቀውን ግንድ ተሻግራ ቡናው ውስጥ ስትጣራ ትውላለች። እናቷን ብቻዋን መተው የፈራችው አፊፋ ትከተላታለች። ቡናቸው ቀልቶ መሬት ላይ መርገፍ ጀምሯል፤ የሚለቅመው የለም። ድሮ «የፋሂም እናት» ይሏት የነበሩ ጎረቤቶች ከነሐሴ ወዲህ እንዳይከፋት ብለው በዘዴ «የአፊፋ እናት» ማለት ጀምረው ነበር። አሁን እንደዚያ ብለው ሲጠሯት አቤት አትልም።

ሶሲ ክፍል ውስጥ በማለችበት ቀን ከሰዓት በኋላ የቤት ሥራዋን ዘርግታ ተቀምጣ ሳለ ከደጅ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሶሲ ድምፁን አወቀችው። ደብተሯ ላይ አጎነበሰች።

«እንዴ! የአፊፋ እናት! ግቢ እንጂ፣ ግቢ» አለች ወይንሸት እጇን እየጠረገች።

መልስ የለም።

«የፋሂም እናት፣ ግቢ» አለች ወይንሸት ቀስ ብላ።

ዙቤይዳ ገባች። ከስታለች፤ ሻሿ ላይ የቡና ቅጠል ተጣብቋል። አልቀመጥም ብላ ቆማ ከፌስታል ውስጥ አዲስ ሰማያዊ ፔርሙዝ አወጣች። የዋጋው ወረቀት እንኳ ከሥሩ አልተላጠም።

«እንኪ፣ ይሄን ተቀበይኝ።»

«ምንድነው እሱ?»

«የናንተ የተሰበረው በኔ ልጅ ነው። እሱ ነው ልጅሽን ያስደነገጣት። ልጅ የሰበረውን እናት ትተካለች።»

«አረ በስመ አብ! ለፔርሙዝ! የማይሆን ነገር! በኔና ባንቺ መሐል…»

«ወይንሸት» አለች ዙቤይዳ። «ካልተቀበልሽኝ ልጅሽ ሞቷል ማለትሽ ነው። ዕቃ የማይሰብር የሞተ ልጅ ብቻ ነው።»

 ወይንሸት ጎንበስ ብላ ፔርሙዙን በሁለት እጇ ተቀበለች። እንባዋ ሰማያዊው ክዳን ላይ ጠብ አለ።

ሶሲ ደብተሯ ውስጥ ብትገባ በወደደች። ዙቤይዳ ግን መጥታ ከፊቷ በርከክ አለችና እጇን ያዘች። እጇ ሻካራና ቀዝቃዛ ነው።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ» አለቻት። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከስቷል?»

የሶሲ ጆሮ ጋለ። አሁን ነው፣ አሁን በይው፣ አለች በልቧ። እናቷ ቆማ ታያለች። ፔርሙዙም ያያል።

«አልከሳም» አለች።

«አልሐምዱሊላህ» አለች ዙቤይዳ፤ ፊቷ በራ። «አልሐምዱሊላህ።»

አባቷ ጥላሁን ከግብርና ቢሮ ሲመለስ ሶሲን ጓሮ ጎመኑ አጠገብ ተቀምጣ አገኛት። ጥላሁን ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም፤ የሚያዳምጥ ሰው ነው። ባሬላውን ገልብጦ አጠገቧ ተቀመጠ።

«አባዬ፣ የሞተ ሰው ይታያል?»

ጥላሁን አንድ የደረቀ የጎመን ቅጠል ቀነጠሰ።

«መጽሐፉ እንደሚለው የሞተ ሰው የሚነሣው ጌታ ሲጠራው ነው። እኔ ይህን አምናለሁ። ግን ገመቹን ውሸታም አልለውም። አየሁ ባለበት ቦታ አብሬው አልፌያለሁ፤ እግሩ ፍሬኑ ላይ ይንቀጠቀጣል።»

«ታዲያ ምንድነው ያየው?»

«ዓይን እኮ ለቅሶ አይደርስም ሶሲዬ። ሰው መሞቱን ጆሮ ይሰማል፣ አፍ ይናገራል፤ ዓይን ግን የለመደውን ይፈልጋል። እናቴ ያረፈች ጊዜ ገበያ ውስጥ ስንቷን ሴት ከኋላ ተከትያለሁ መሰለሽ፤ ስትዞር የሰው እናት ናት። ጎርፍ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ቀብር የለም፣ ስንብት የለም። ዓይን መች ይቆርጣል?»

«ስለዚህ ያየ ሰው አይዋሽም?»

«ያየ ሰው አይዋሽም።»

 ዶሮዎቹ ወደ ቆጣቸው እየገቡ ነው።

«ያላየስ?» አለች ሶሲ መሬት መሬት እያየች።

ጥላሁን ቀና ብሎ አያት፤ ቶሎ ደግሞ ዓይኑን መለሰላት። ልጁን ያውቃታል። ተጎትቶ የወጣ ነገር በገዛ ራሱ ከወጣ ነገር ጋር እኩል እንዳልሆነም ያውቃል።

«እሱን እንግዲህ ያላየው ሰው ነው የሚያውቀው» ብሎ ባሬላውን አንሥቶ ሄደ።

በማግስቱ አፊፋ ትምህርት ቤት አልመጣችም። ወንድወሰን በዕረፍት ሰዓት ከሌላ ክፍል ሦስት ልጆች ይዞ መጣ። «ሶሲ፣ ለነዚህ ጀለሶች ንገሪልኝ፤ ያንን፣ የሹራቡን!» ሲላት «ተወኝ አቦ!» ብላ ጮኸችበት። «ሙድሽ ደግሞ!» ብሎ ትከሻውን ሰብቆ ሄደ።

ከትምህርት ቤት ስትለቀቅ ወደ ቤት አልሄደችም። ወደ ወንዙ ወረደች።

ውሃው ከነሐሴው ጎሏል፤ ቢሆንም አሁንም ደፍርሶ ይፈጥናል። ሶሲ ከብሳናው ጀርባ ቆመች። ዙቤይዳ ምሳ ዕቃውን ባንድ እጇ አንጠልጥላ ግንዱ ላይ ወጥታለች። አፊፋ ከኋላዋ የሻሿን ጫፍ ጨብጣ፣ ልክ ሕፃን እናቱን ገበያ መሐል እንደሚይዝ፣ እግሯን በእናቷ ዱካ ላይ እየተካች ትከተላለች። ግንዱ ሙልጭልጭ ያለ ነው። መሐል ሲደርሱ የዙቤይዳ እግር ከዳትና እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ ገባች።

«እማ!» አለች አፊፋ። 

ዙቤይዳ ግንዱን አቅፋ ተነሣች። ጫማዋ በውሃው ሄዷል። ዞር ብላ እንኳ አላየችውም፤ ማዶ ተሻግራ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ተጣራች።

«ፋሂም! ኢልማ ኮ፣ ልጄ! ሹራብህን ልበሰው እንጂ፣ ይበርዳል!»

ቡናው ዝም አለ። አፊፋ እናቷን አላየችም፤ ውሃውንም አላየችም። የምታየው ዋንዛውን ነው። ሶሲ ጣቷን ቀስራ «እዚያ ጋ» ያለችውን ዋንዛ፣ አንዱን ቅርንጫፍ ካንዱ ቅርንጫፍ፣ አንዱን ጥላ ካንዱ ጥላ እየለየች ታያለች።

ሶሲም አየች። ዕድሜዋን ሙሉ እንደዚያ አጥብቃ የጸለየችበት ጊዜ የለም። ጌታ ሆይ፣ ባክህ፣ አንዴ አሳየኝ። የእውነት ይቁም። አንዴ ብቻ ይቁምና የኔም ነገር እውነት ይሁን። ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። ዋንዛው ሥር የወደቀ ቅጠልና የረገፈ ቀይ ቡና ነበር። ምን ብላ እንደለመነች ያኔ ገባት፤ ውሸቷን እንዲሸፍንላት የሞተ ልጅ ከእረፍቱ እንዲቀሰቀስላት ነው የለመነችው። እንባዋ ሳይሆን ላብዋ መጣ፤ በዚያ ብርድ ላብ አጠመቃት።

ቤት ገብታ ምድጃውን ቆሰቆሰች። ውሃ ጣደች፤ ቀረፋ ሰባበረች፤ ቅርንፉድ ጨመረች። ሰማያዊውን ፔርሙዝ ከቁምሳጥኑ ላይ አውርዳ ለቅለቅ አደረገችው። እናቷ በሩ ላይ መጥታ ቆመች።

«ለማን ነው?»

«ለፋሂም እናት። ፔርሙዟን ልመልስላት ነው። ዕቃ ደግሞ ባዶውን አይመለስም።»

«ተቀብለን ስናበቃ? ትቀየመናለች እኮ፤ የተናገረችውን አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ።» ሻዩን ስትቀዳ ጠርዙ ላይ ፈሰሰ። «እማዬ፣ ቀዩን ፔርሙዝ እኔ ነኝ የሰበርኩት። እቤታቸው በር ድረስ ሄጄ መግባት አቅቶኝ ወንዙ ዳር ተቀመጥኩ። ተንሸራተተብኝ። ማንንም አላየሁም።»

ወይንሸት እጇን አላነሣችም።  ቀስ ብላ መደቡ ላይ ተቀመጠች። ፊቷ ላይ መጀመሪያ ቁጣ መጣ፣ ከዚያ አንድ ነገር ቁጣውን ገፍቶ ወጣ።

«እኔ ነኝ ገበያ ያወጣሁት» አለች ለራሷ በሚመስል ድምፅ። «ቅመም ተራ ቆሜ… ደግሞ የሰማኝ ሁሉ ሲሰበሰብ ደስ ብሎኝ።» ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

 በኋላ ወይንሸት ተነሥታ የፔርሙዙን ክዳን ዞር ዞር አድርጋ አጠበቀችው።

«አብሬሽ ልምጣ?»

«አይ።»

«እንግዲያው ጠበቅ አድርገሽ ያዢው» አለች ወይንሸት። «ድንጋዩ ያዳልጣል።»

አጥሩ ጋ ስትደርስ እንደዚያኛው ቀን እግሯ ቆመ። ከውስጥ ለቅሶ የለም፤ የሚነድ እንጨት ፍንጣሪ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ፀሐይ ገና መጥለቋ ነው፤ ከመስጊዱ የመግሪብ አዛን እያለቀ ነበር።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ሶሲ። የፋሂም እናት፣ ሻይ ይዤ ነው።»

ዙቤይዳ እሳት ዳር እርጥብ ቀሚሷን እያደረቀች ነው። ሙሐመድሳኒ ለሶላት ሄዷል። አፊፋ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ፣ ከሶሲ በተዋሰችው ደብተር ያለፋትን ትገለብጣለች። ሶሲን ስታይ ፈገግ አለች፤ ያ ፈገግታ ከሁሉ ይበልጥ አሳፈራት። ሶሲ ጫማዋን ሳታወልቅ ደፉ ላይ ቆማ ቀረች። ፔርሙዙን ምንጣፉ ጫፍ ላይ አስቀመጠችው።

«ምነው ልጄ? መለሳችሁት?»

«እሱ አይደለም የሰበረው» አለች ሶሲ። ድምፅዋ የሌላ ሰው ሆነባት። «እኔ ነኝ። አላየሁትም። እናቴን ፈርቼ ነው የዋሸሁት። ማዶ ማንም አልነበረም። ‹አልከሳም› ያልኩዎትም ውሸት ነው። ምንም አላየሁም።»

እርሳሱ ከአፊፋ እጅ ወድቆ ተንከባለለ። ዙቤይዳ አልተንቀሳቀሰችም። ቀሚሷን እሳቱ ላይ እንደዘረጋች ቀረች፤ ጨርቁ መጨስ ሲጀምር አፊፋ ተነሥታ ከእሳቱ ገለል አደረገችላት። ከዚያ አፊፋ ሶሲን ሳታይ ተመልሳ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀመጠች።

ሶሲ ስድብ ጠበቀች። ጥፊ ጠበቀች። ቢመጣ ይሻላት ነበር።

«ሹራቡስ?» አለች ዙቤይዳ በመጨረሻ። ድምፅዋ በጭንቅ ነው የሚሰማው። «ሹራቡንም ከልብሽ ነው ያወጣሽው?»

«አይደለም። ሹራቡ እውነት ነው። ሁልጊዜ አየው ነበር። በሕይወት… እያለ።»

«ያየሽውን ንገሪኝ እንግዲህ። ያየሽውን ብቻ።»



«አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንመለስ ዝናብ መጣ። ሦስታችንም ነበርን። ለምን አትለብሰውም፣ ፋራ ነህ እንዴ፣ አልኩት። ‹ክሩ ያሳክከኛል› አለኝ። ‹ታዲያ ለምን ትይዘዋለህ?› ስለው ‹ካልያዝኩማ እማ አታስወጣኝም› አለ። ከበር ሲወጣ ይለብሰዋል፣ መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ያወልቀዋል። ስንመለስም መታጠፊያው ጋ…»

«ሲመለስ ለብሶት ነው የሚመጣው» አለች ዙቤይዳ።

«መታጠፊያው ጋ ነው የሚለብሰው።»

«ያሳክከዋል?» ዙቤይዳ ቀስ ብላ ወደ ሶሲ ዞረች። «ለኔ እኮ ነግሮኝ አያውቅም።»

«ከጅማ መርጠው ስለገዙለት እንዳይከፋዎት ብሎ ነው። እንዳልነግርም አስምሎኝ ነበር።»

ከዙቤይዳ አፍ ሳቅ የሚመስል ነገር ወጣ። ሳቅ ሆኖ ጀምሮ ሳቅ ሆኖ አልጨረሰም። ጎንበስ አለች፤ ግንባሯ ጉልበቷን ነካ። ስትናገር ቃሉ በዓረብኛ ነው፤ ሶሲ ግን ያን ቃል ታውቀዋለች። በሰኮሩ የኖረ ክርስቲያን ሁሉ ያውቀዋል። ሰው ሞተ ሲባል የሚባለው ቃል ነው። ዙቤይዳ ከነሐሴ ጀምሮ አላለችውም ነበር።

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።»

ከግድግዳው በኩል የአፊፋ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ዙቤይዳ ቀና ብላ ዓይኗን በሻሿ ጠረገች። ሶሲን አላቀፈቻትም። አልረገመቻትምም።

«አባቱ አሁን ከሶላት ይመለሳል» አለች። «አንቺው ትነግሪዋለሽ። እኔ ሁለተኛ በአፌ ላወጣው አልችልም።» ከዚያ ወደ ደጁ ተመለከተች። «መሽቷል። እናትሽ ታስብ ይሆናል። ነገ እመጣለሁ ብትይም…»

ሶሲም ወደ ደጁ ተመለከተች። መንገዱ ገና ይታያል፤ ቢሮጡ ቤት ያደርሳል። ነገ ደግሞ ሩቅ አይደለም።

ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች።

«እጠብቃቸዋለሁ» አለች።

ምንጣፉ ላይ ከአፊፋ በኩል ሄዳ ተቀመጠች። አልተጠጋቻትም። በመሐላቸው አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ተወች። አፊፋ አልዞረችም፤ ራቅም አላለችም። ሰማያዊው ፔርሙዝ እንደተከደነ ነው። ከውጭ ጠጠሩ ላይ እርጋታ ያለው የሰው ኮቴ ቀረበ፤ አጥሩ ጋ ሲደርስ የሙሐመድሳኒ ሳል ተሰማ።

ሶሲ በሩ ሳይከፈት ተነሥታ ቆመች።